ማንም ያልለቀቀው ፍሬን

ፍቅረማርያም የሞተው ቀትር ላይ፣ የባቡር ጣቢያ ስም እየጻፈ ሳለ ነው።

ኢንስፔክተር ሙሉጌጥ ስትደርስ ሬሳው በሸራ ተሸፍኖ ነበር። የገደለው ቀይ ፉርጎ ከዚያ አልፎ፣ ሐዲዱ መጨረሻ ላይ የተከመረው አሸዋ ውስጥ አፍንጫውን ቀብሮ ቆሟል። የተሰባበረ መሰላል፣ የተደፋ ቢጫ ቀለም፣ አንድ ጫማ። ቀለሙ ገና ስላልደረቀ በጠጠሩ መሃል እየተሳበ ቁልቁል ይወርዳል። የመድረኩ ግንብ ላይ «የካ» የሚለው ቃል ተጽፎ አልቋል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ፊደል በእርሳስ ብቻ ተነድፏል።

«ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ ነበር» አለ ቀድሟት የደረሰው ሳጅን ኢማድ። «መሰላሉን ሐዲዱ መሃል ተክሎ ፊቱን ወደ ግንቡ አዙሯል። ሲመጣበት አልሰማም።»

«ፉርጎው ከየት መጣ?»

ኢማድ በአገጩ ወደ ላይ አመለከተ። ሐዲዱ በባሕር ዛፎቹ መካከል እየተጠማዘዘ ይወጣና እንጦጦ ፓርክ ግርጌ ከሚገኘው የላይኛው ጣቢያ ይደርሳል። አንድ የግል ድርጅት ነው የሠራው። ያረጀ የእንፋሎት ባቡር ከሁለት ፉርጎ ጋር ገዝቶ አድሶ፣ ጎብኚ ሊያመላልስበት አስቧል። ምረቃው ለመጪው እሑድ ተቆርጧል። የመጀመሪያዎቹ ተሳፋሪዎች የሰፈሩ ተማሪዎች እንዲሆኑም ጥሪው ተበትኗል።

ሙሉጌጥ አንድ ቦታ መቆም የማትችል ሴት ናት። መሥሪያ ቤት ውስጥ እንኳ ምርመራ የምታደርገው ወዲያና ወዲህ እያለች ነው። ሌሎቹ መኪና ሲጠብቁ እሷ ሐዲዱን ይዛ ሽቅብ ወጣች። ኢማድ እያለከለከ ተከተላት።

ላይኛው ጣቢያ ሰው አልነበረም። የበዓል ማግስት ስለነበረ ሠራተኛው አልገባም። ፉርጎው ቆሞበት በነበረው ቦታ፣ ከሐዲዱ ውጭ፣ ለጎማ መያዣ የሚደረጉት ሁለት የእንጨት ታኮዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አልተፈናጠሩም። አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ አንስቶ በእርጋታ አስቀምጧቸዋል።

«አደጋ አይደለም» አለች።

ኢማድ ቀድሞ ገብቶት ነበር። ከታች ፉርጎው ላይ የእጅ ፍሬኑ መዘውር እስከ መጨረሻው ተፈትቶ እንዳገኘውም ነገራት።

*

ስለ ፍሬኑ ያስረዳት የድርጅቱ መሐንዲስ ዒምራን ነበር። ዕድሜው ወደ ሠላሳ አምስት የሚጠጋ፣ ቀጭን፣ ሲ.ኤም.ሲ ሰፈር ከእናቱ ጋር የሚኖር ሰው ነው። ሕንድ አገር የተራራ ባቡር ላይ ሠልጥኖ መጥቷል። ከተጋጨው ፉርጎ አጠገብ አግኝታው ስትጠይቀው ዓይኑን ከተሰባበረው መሰላል ላይ አላነሣም። የሞተውን ሰው ያውቀው ስለነበር አልገረማትም።

«ይህ የቫኪዩም ፍሬን ነው» አለ። «ከመኪና ፍሬን ጋር አንድ እንዳይመስልዎት። የመኪናው እግር ሲጫነው ይይዛል። ይሄኛው ግን ሥራው መያዝ ነው፤ እንዲለቅ ነው የሚለፋለት።»

ጎንበስ ብሎ ከፉርጎው ሆድ ሥር የተንጠለጠለ ትልቅ የብረት በርሜል አሳያት። ውስጡ ፒስተን አለ። ባቡሩ በእንፋሎቱ ኃይል፣ ፉርጎዎቹን ሁሉ አያይዞ በሚያልፈው ቱቦ በኩል አየሩን መጥጦ ያወጣል። ከፒስተኑ በላይም በታችም አየር ሲጠፋ ፒስተኑ በገዛ ክብደቱ ታች ይቀመጣል፤ ፍሬኑ ልቅ ይሆናል፤ ባቡሩ ይሄዳል። ነጂው ማቆም ሲፈልግ ወደ ቱቦው አየር ያስገባል። አየሩ የሚገባው ከፒስተኑ በታች ብቻ ነው። ከላይ ባዶ፣ ከታች አየር ሲሆን ፒስተኑ ወደ ላይ ይገፋና ፍሬኑን ጎማው ላይ ያጣብቀዋል።

«ፉርጎው ከባቡሩ ቢቆረጥስ?»

«ቱቦው አብሮ ይለያያል፤ አየር ይገባል፤ በራሱ ይይዛል። ለዚህ ነው የሚታመነው።»

«ታዲያ እንዴት ለቀቀ?»

ዒምራን ከበርሜሉ ጎን ወደ ፉርጎው ጠርዝ የተዘረጋች ቀጭን ሽቦ ነካ። ያቺ ስትሳብ ትንሽ በር ተከፍቶ ከፒስተኑ በላይም አየር ይገባል። ሁለቱ ወገን ሲስተካከል ፒስተኑ ይወድቃል።

«ሽቦዋ ካልተሳበች ያ ፍሬን አይለቅም» አለ።

ጉዳዩ ቀላል መሰለ። ነጂው ጋሽ ሙክታር ድሬዳዋ ቤተሰቦቻቸው ዘንድ ሄደዋል። በስልክ ሲጠየቁ ኢንጂነሩ ባዘዛቸው መሠረት ጠዋት ፉርጎውን ላይ አድርሰው፣ የእጅ ፍሬኑን ራሳቸው አጥብቀው፣ ታኮውንም ራሳቸው አስገብተው፣ ባቡሩን ታች መጋዘን አስገብተው እንደወጡ ተናገሩ። ዒምራን ከእሳቸው በኋላ ጥቂት ቆይቶ ወደ መገናኛ ወርዷል። ፉርጎው በሄደበት ሰዓት ከድርጅቱ ባለቤት ከአቶ ብርሃነመስቀል ጋር ቢሯቸው ተቀምጦ ነበር፤ ጸሐፊዋም ባለቤቱም መስክረውለታል። ቀትር ላይ ከሟቹ ሌላ ግቢው ውስጥ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም ዘበኛው ፀሐዬ ነው።

ፀሐዬና ፍቅረማርያም ደግሞ ተጣልተዋል። ቀለም ቀቢው የዘበኛውን ውሻ በድንጋይ መትቶ አንካሳ አድርጎት ነበር፤ ገና ሳምንት ያልሞላው ጠብ ነው፤ በሰው ነው የተገላገሉት።

*

ፀሐዬ ፖሊስ ጣቢያ ሲቀርብ አንድ ነገር ብቻ ደጋገመ። በሩ ላይ ነበርሁ፣ የሲሚንቶ መኪና ይመጣል ተብዬ ስጠብቅ ነበር አለ። ማን ነገረህ ቢሉት ኢንጂነሩ አለ። የሲሚንቶ መኪና ግን አልመጣም። አቅራቢው ተጠየቀ፤ የታዘዘ ሲሚንቶ የለም። ዒምራንም ሲጠየቅ ለፀሐዬ እንዲህ ማለቱን አላስታውስም አለ።

«እኔ እሱን ለመግደል ባቡር ምን ያደርግልኛል?» አላት ፀሐዬ። «ዱላ እኮ አለኝ።»

ቃሉ አሳዘናት፤ ግን ማስረጃ አይሆንም። ተይዞ እንዲቆይ አደረገች።

አቶ ብርሃነመስቀልን ያነጋገረቻቸው መገናኛ ካለው ቢሯቸው ነው። ሱፍ የለበሱ፣ ደልደል ያሉ ሰው ናቸው። ሻይ አቀረቡላት፤ እሷ ግን ቆማ ነው ያናገረቻቸው። ቀለም ቀቢው በዚያ ቀን ሥራ ላይ መሆኑን እንዳላወቁ፣ የጣቢያዎቹ ሠራተኛ ሁሉ እንዲያርፍ ማዘዛቸውን ነገሯት። ስለ ፍሬኑ ስትጠይቃቸው ሳያመነቱ መለሱ።

«ሽቦዋ ካልተሳበች ያ ፍሬን አይለቅም» አሉ።

ስትወጣ ጸሐፊዋን ተቅዋን አነጋገረቻት። ወጣቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ አለቃዋና ኢንጂነሩ የአደጋው ስልክ እስከተደወለበት ደቂቃ ድረስ ሲጨቃጨቁ እንደነበር፣ እንዲህ ሲጯጯሁ ሰምታ እንደማታውቅ አወራቻት። ስለ ምን እንደሆነ አልገባትም። ላስቲክ፣ ላስቲክ ሲሉ ግን ሰምታለች።

የሟቹ ባለቤት ሩታ የምትኖረው የካ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነው። ድንኳን ተጥሎ፣ ሰው ተሰብስቦ ነበር። ሩታ ከዓይኗ ዕንባ ደርቆ፣ የተጠየቀችውን ብቻ ትመልስ ነበር። ባሏ ያን ቀን ለመሄድ አላሰበም፤ ቤት ሆኖ ሊውል ነበር። ጠዋት ስልክ ተደወለለት።

«ማን ደወለለት?»

«አለቅየው ናቸዋ። አቶ ብርሃነመስቀል። ጽሑፉ ሳያልቅ እሑድ እንዳይደርስብኝ ብለው።»

ሙሉጌጥ ከድንኳኑ ወጥታ ዳገቱን በእግሯ ወረደች። ባለቤቱ ዋሽተዋል። ሰውየውን ሐዲዱ መሃል ያቆሙት እሳቸው ናቸው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እስከ ማግስቱ ያሰበችው ስለ እሳቸው ብቻ ነበር። ጠርታ ስታፋጥጣቸው ግን ግንባራቸውን ላብ አጠመቀውና አመኑ። አዎ ጠርተውታል፤ በዕረፍት ቀን ጠርተው ለሞት መዳረጋቸው ሲታወቅ ስማቸው እንዳይጠፋ ፈርተው ደብቀዋል። ዒምራንም ሰውየው እዚያ መኖሩን አያውቅም ነበር፤ እሳቸውም አልነገሩትም። የስልክ ጥሪያቸው ሲጣራ የተናገሩት እውነት ሆኖ ተገኘ። ከፀሐዬ ጋር የሚያገናኛቸው ምንም የለም። ሙሉጌጥ ያንን መንገድ ትታ ተመለሰች።

ዕረፍት አጣች። ከአለቃዋ ዘንድ ፀሐዬን ለዐቃቤ ሕግ አስተላልፊ የሚል ግፊት መጥቷል። እሷን የሚከነክናት ሌላ ነው። በጩኸት የሚነታረኩ ሁለት ሰዎች ስለ ፍሬኑ ሲጠየቁ አንድ ዓይነት ቃል፣ ያለ አንዲት ልዩነት ተናግረዋል።

*

በማግስቱ ጠዋት ኢማድ አርፍዶ ገባ። ልትቆጣው አፏን ሳትከፍት ምክንያቱን ደረደረ። የመኪናው ጎማ ሌሊቱን ተንፍሶ አድሮ ኖሮ ሲቀይር ነው የቆየው። ምስማር አልወጋውም፤ ማንም አልነካውም። ጎማው አርጅቶ በጠርዙ በኩል አየር ያሳልፋል፤ አመሻሽ ሲሞላ ጠዋት ባዶ ሆኖ ይገኛል።

ሙሉጌጥ እስከ መጨረሻው ሰማችው። ከዚያ የመኪና ቁልፍ አነሳች።

የተጋጨው ፉርጎ እንደቆመ ነው። ቱታ ለብሳ ከሥሩ ተንፏቅቃ ገባች። ሆዱ በሙሉ አዲስ ጥቁር ቀለም ተቀብቷል፤ ፍቅረማርያም ከበዓሉ በፊት የቀባው ነው። ሰውየው ሲቀባ አይመርጥም ነበር፤ በርሜሉንም፣ ሽቦዋንም፣ ሽቦዋ የምታልፍበትን ቀለበትም አንድ ላይ ደፍኖባቸዋል። መብራት አስጠግታ አየችው። ሽቦዋና ቀለበቷ በወፍራም ቀለም ተጣብቀዋል። ቀለሙ አልተሰነጠቀም። አሸዋው ለስላሳ ስለነበር ግጭቱ እንኳ አልነካውም።

ያችን ሽቦ ከተቀባች ወዲህ የሳባት ሰው የለም።

ከሥሩ ስትወጣ ፀጉሯ አሸዋ ነበረው። ኢማድ ምን እንዳገኘች ጠየቃት።

«ሁለቱም ዋሽተውኛል» አለችው። «አየር ለመግባት ሽቦ አያስፈልገውም። በጠርዝ በኩልም ይገባል፤ እንደ አንተ ጎማ።»

ወዲያው ከድሬዳዋ ለተመለሱት ነጂ ለጋሽ ሙክታር ደወለች። ከፒስተኑ ጠርዝ ላይ አየር የሚከለክል ላስቲክ እንዳለ፣ አዲስ ከሆነ ረጅም ጊዜ እንደሚያቆይ፣ ካረጀ ግን አየሩ ቀስ እያለ እየሰረገ ላይኛውን ክፍል እንደሚሞላው ነገሯት። ለዚህ ነው የቆመ ፉርጎ በቫኪዩም ፍሬን ብቻ የማይታመነው፤ ለዚህ ነው የእጅ ፍሬንና ታኮ የሚደረገው። ለምን አልነገሩኝም ስትላቸው ማንም አልጠየቀኝም አሉ።

በስልክ የተነገረ ነገር አልበቃትም። ሁለተኛው ፉርጎ ከመጀመሪያው ጋር አብሮ የተገዛ፣ እኩያው ነው። ባቡሩ ጠዋት እንዲሞቅ፣ ፉርጎውም ላይኛው ጣቢያ እንዲደርስ አዘዘች። ዒምራንም እንዲገኝ ጠራችው።

*

ማለዳው ብርድ ነበር። ከባሕር ዛፎቹ ላይ ጉም ተንጠልጥሏል። ጋሽ ሙክታር ፉርጎውን ላይ አድርሰው ባቡሩን ሲነጥሉት ቱቦው አየር ስቦ ጮኸ፤ ፍሬኑ ያዘ። ሙሉጌጥ የእጅ ፍሬኑ እንዲፈታ አደረገች። ከጎማዎቹ ዝቅ ብሎ፣ ክንድ በሚያህል ርቀት ላይ፣ ሐዲዱ መሃል ትላልቅ ድንጋዮች ተደረደሩ። ታኮዎቹ ተነሡ። ፉርጎው ንቅንቅ አላለም።

«ሽቦዋን ማንም አይነካም» አለች።

ጠበቁ። ፀሐይ ወጥታ ጉሙን ገፈፈችው። ከፓርኩ በኩል የሚሮጡ ሰዎች ድምፅ ይሰማል። ኢማድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ ጋሽ ሙክታር ዛፍ ጥላ ሥር ጋደም አሉ። ሙሉጌጥ ከፉርጎው ጫፍ እስከ ጫፍ ትመላለሳለች። ፒስተኑ በያዘው የብረት ዘንግ ላይ በጠመኔ አስምራ ነበርና በተመላለሰች ቁጥር ጎንበስ እያለች ታየዋለች። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ረፋዱ ላይ ምልክቱ የጣት ያህል ዝቅ ብሏል።

ዒምራን አልተቀመጠም። እሷ በሄደችበት በተቃራኒው ይሄዳል። ፉርጎውን አያይም፤ የሚያየው ታች ከተማውን ነው።

«ኢንጂነር» አለችው በአጠገቡ ስታልፍ፣ «ስንት ጊዜ ሞክረኸው ነበር?»

እስከዚያ ድረስ እርስዎ ነበር የምትለው። መለወጧን ሰማ፤ እርምጃውን ፈጠን አደረገ።

እሷም ተወችው። ምልክቱ እየወረደ ሄደ። ቀትር ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ከፉርጎው ሥር የብረት እስትንፋስ የመሰለ ድምፅ ተሰማ፤ የፍሬኑ ብረቶች ከጎማዎቹ ላይ ተላቀቁ። ማንም ሳይነካው ያ ሁሉ ክብደት ቀስ ብሎ ተንሸራተተና ድንጋዮቹ ላይ ተደግፎ ቆመ። ጋሽ ሙክታር ተነሥተው ሮጠው ታኮውን አስገቡ።

ዒምራን መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ሁለት ጊዜ» አለ። «ሁለት ጊዜ ሞክሬዋለሁ። ሁለቱም ጊዜ ቀትር አካባቢ ነው የለቀቀው።»

ሙሉጌጥ በዚያ ጉዳይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጠች፤ ከጎኑ፣ ጠጠሩ ላይ።

ነገሩን ሁሉ ዘርግፎ ነገራት። ላስቲኮቹ ያረጁ መሆናቸውን ያወቀው ከወራት በፊት ነው። አዲሶቹ ከሕንድ እስኪመጡ ምረቃው ይራዘም ብሎ ለመናቸው። አቶ ብርሃነመስቀል የእጅ ፍሬንና ታኮ ምን ሊሠራ ነው ብለው ሳቁበት። እሱ የፈራው ይህን ነው፤ ባቡሩ ላይኛው ጣቢያ ሲደርስ አቅጣጫ ለመቀየር ፉርጎዎቹን ትቶ ይዞራል፤ ያን ጊዜ ልጆቹ ውስጥ ናቸው፤ አንድ ሰው አንድ ቀን ታኮ ቢረሳ ቁልቁል ይዟቸው ይሄዳል። ሲሞክሩት ግን ፍሬኑ ሁልጊዜ ይይዛል። የሚለቀው ሰው ትቶት ሲሄድ ስለሆነ ማንም አላየውም፤ ማንም አላመነውም።

«ስለዚህ እንዲያዩት ፈለግህ።»

«ጋሽ ሙክታር ሲሄዱ የእጅ ፍሬኑን ፈትቼ ታኮውን አነሣሁ። ፉርጎው ባዶ ነው፤ ግቢው ሰው የለበትም። አሸዋው ይዞ ያስቀረዋል። እኔ እሳቸው ፊት እንደተቀመጥሁ ስልክ ይደወላል፤ ራሳቸው ይሰማሉ። ከዚያ በኋላ ልጆች አይጫኑበትም አልሁ።» ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ፀሐዬን ከሐዲዱ እንዲርቅ በሩ ላይ አቆምሁት። ያንን አስቤ ነበር። እሱን አስቤ ነበር።»

«ስልኩ ሲደወል ግን ሰው ሞቷል አሉህ።»

«አቶ ብርሃነመስቀል አዩኝ። ፊቴን አይተው አወቁ። እኔ ሰውየው መኖሩን አላውቅም፤ እሳቸው የጠሩት ናቸው። እኔ ስለ ላስቲኩ ከተናገርሁ እሳቸው ይጠየቃሉ፤ እሳቸው ከተናገሩ እኔ። ምንም አልተባባልንም። ፖሊስ ሲመጣ ሁለታችንም፣ ስንጨቃጨቅ እሳቸው ይሉኝ የነበረውን ያንኑ ቃል አልን።»

ሙሉጌጥ አልጮኸችበትም። የልቡ መነሻ ገብቷታል፤ ያ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት።

«ፀሐዬ ታስሮ ሳለ አላስታውስም አልህ» አለችው። «ፉርጎውን የለቀቅህ ለታ ያሰብኸው ልጆቹን ነው እንበል። አላስታውስም ያልህ ለታ ማንን ነበር ያሰብኸው?»

 ከታች የከተማው ጡሩንባ ይሰማል። ተነሥታ እጇን ዘረጋችለትና አስነሣችው፤ ያው እጅ ወደ መኪናው ወሰደው።

*

አቶ ብርሃነመስቀል ከሰዓት በኋላ ለጥያቄ ተወሰዱ። ምረቃው ተሰርዞ ሐዲዱ ታሸገ። ሙሉጌጥ ወደ የካ ሚካኤል ሄዳ ለሩታ ራሷ ነገረቻት። ሩታ እስከ መጨረሻው ሰማቻት። ከዚያ ማንም እሱን ሊገድል አላሰበም ማለት ነው? ብላ ጠየቀች። ሙሉጌጥ አዎ አለቻት። ሩታ ራሷን ነቀነቀች፤ ይህኛው የቀለላት ይሁን የከበዳት ከፊቷ ማወቅ አልተቻለም።

ፀሐዬ ሲፈታ ቀበቶውንና ስልኩን መለሱለት። ስልኩ ባትሪው አልቆ ጠፍቷል። ሙሉጌጥ የራሷን አውጥታ ሰጠችውና ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ደወለ። በዚያው ኮሪደር ሌላኛው ጫፍ ዒምራን በሁለት ፖሊስ መሃል አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቃሉን ለመስጠት ተራ ይጠብቃል። ፀሐዬን ሲያይ ሊነሣ ሞከረ፤ አንደኛው ፖሊስ ትከሻውን ያዘው።

ፀሐዬ ከወዲያ በኩል የሚያወራውን ሰው ሰማ። ወጥቻለሁ አለ። ደኅና ነኝ፣ አልደበደቡኝም አለ። ከዚያ ማን እንዳሳሰረው ተጠየቀ፤ ዓይኑን ከዒምራን ላይ አልነቀለም።

«የማውቀው ሰው ነው» አለ በመጨረሻ። «አይ፣ ክፉ ሰው አይደለም።»

ጥቂት አዳመጠ።

«እኔም እሱ ነው የገረመኝ» አለና ስልኩን ለሙሉጌጥ መልሶ፣ ቀበቶውን እየታጠቀ ወጣ።